ከጥር እስከ ጥር፦ የገበሬ ሴቶች የቁጠባ ቡድን እንዴት ይመሠረታል?

ሐምሌ ሲገባ ጎተራው ይጎድላል። ማዳበሪያው ገና እዳው አላለቀም፣ ልጅ ይታመማል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። በዚህ ጊዜ ገንዘብ የቸገራት ገበሬ ምርጫዋ ጥቂት ነው፤ እንቁላል ጣይ ዶሮዋን ትሸጣለች፣ የአራጣ አበዳሪ ደጅ ትጠናለች፣ አለዚያም ማሳ ላይ ያለውን እህል ሳይደርስ በርካሽ ለነጋዴ ታስይዛለች። ዕቁብ ትጥል ይሆናል፤ ዕቁብ ግን የሚወጣው በዕጣ ነው፣ ልጇ የታመመባት ዕለት ዕጣው ለእሷ ይውጣላት አይባልም። ዕድርም አላት፤ ዕድር የሚደርስላት ሰው ሲሞት ነው።

እዚህ የምንመሠርተው ቡድን በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሸፍን ነው። ከ15 እስከ 25 ሴቶች በየሳምንቱ ያስቀምጣሉ፣ ካስቀመጡት ይበደራሉ፣ ዓመት ሲሞላ ትርፉን ጨምረው ይካፈላሉ። ኬር የተባለው ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. ኒጀር ውስጥ፣ ማራዲ አካባቢ ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመረው አሠራር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የአፍሪካ አገሮችን አዳርሶ እኛም ጋ ገብቷል። የምጽፈው ለሚያግዘው ሰው ነው፤ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ለመምህርት፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ወይም «በእናቴ ቀበሌ አንድ ነገር ልሥራ» ለሚል የከተማ ልጅ። ወራቱ የጤፍና የበቆሎ አገር ወራት ናቸው፤ እንሰት ወይም ቡና አገር ያላችሁ እንደ አካባቢያችሁ አስተካክሉ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ይምረጡ

ይህን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። የመጀመሪያውን ቡድን ያስጀመርኩት መስከረም ላይ ነው፤ አዲስ ዓመት፣ አዲስ ዕቅድ ብዬ። በጥቅምት አንድ እሑድ ቀና ስል ሁለት አባላት ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያዳምጣሉ። ለምን እንዳልገቡ ስጠይቅ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «ባዶ እጄን ምን ልሠራ እገባለሁ?» አለችኝ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መስከረምና ጥቅምት እህሉ ማሳ ላይ ነው፣ የአምናው አልቋል።

በጥር ይጀምሩ። ጤፉ ተወቅቶ ገብቷል፣ እጅ ላይ ጥቂት ብር አለ፣ ሥራውም ጋብ ብሏል። ትልቁ ምክንያት ግን ጅማሬው ሳይሆን መጨረሻው ነው፤ በጥር የጀመረ ቡድን የሚካፈለው በጥር ነው። በጥር እህል የሚረክሰው ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ነው፤ ሁሉም የሚሸጠው ደግሞ ግብር፣ ዕዳና ድግስ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣበት ነው። በዚያ ሰሞን ከሣጥኑ ገንዘብ ያገኘች ሴት ጤፏን እስከ ሰኔ ማቆየት ትችላለች። ቁጠባው ከሚያስገኘው ትርፍ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበልጠው ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ እነሱ ይመራረጡ

ስም ዝርዝር ከቀበሌ አይቀበሉ። እርስዎም አይምረጡ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይዘው ይሂዱ፤ «ዱቄት ተበድራችሁ የምታውቁ፣ የምትመልስላችሁ ማን ናት?» የሰፈር ሴቶች ይህን ከማንም ባንክ በላይ ያውቁታል፤ አንዱ ስም ሲነሳ ፊታቸው ላይ መልሱን ያዩታል።

ቤታቸው ተቀራራቢ ይሁን። በክረምት ወንዝ ተሻግራ የምትመጣ አባል ሐምሌና ነሐሴን ትቀራለች፤ ገንዘቡ ይበልጥ የሚያስፈልጋት ያኔ ነው። ቀኑ የገበያ ማግስት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሳንቲም ገና ከመቀነት አልወጣም። ሰዓቱም እንጀራው ተጋግሮ ካለቀ በኋላ፣ ከብቱ ሳይገባ በፊት። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ባሎችን አንድ ቀን ይጥሩ

አንድ ቀን ብቻ። ሣጥኑን ያሳዩአቸው፣ ደንቡን ያንብቡላቸው፣ ጥያቄያቸውን ይመልሱ። ከዚያ በኋላ ስብሰባው የሴቶቹ ነው። በድብቅ የሚቆጠብ ገንዘብ ሲገኝ ጠብ ያስነሳል፤ የተነገረ ገንዘብ ግን፣ ቀስ እያለም ቢሆን፣ የቤቱ ዕቅድ ውስጥ ይገባል። አማራ ክልል ላይ ይህን ሳስረዳ የይዞታ ደብተሩን አነሳለሁ። የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለበት፤ መሬቱ የሁለቱ ከሆነ ከመሬቱ የሚገኘውን ማስላትም የሁለቱ ነው እላቸዋለሁ።

ባሏ ደብድቦ ብሩን የሚቀማት ሴት ካለች ግን ይህ ምክር ለእሷ አይሠራም። የእሷን ደብተር ሣጥን ያዧ ታስቀምጥላት።

ደረጃ 4፦ ሣጥን፣ ጓጉንቸር፣ ደንብ

ብረት ሠሪው ጋ ሦስት መቆለፊያ ያለው የቆርቆሮ ሣጥን ያሠሩ። ሦስት ጓጉንቸር፣ ሁለት ሳህን፣ ሁለት የጨርቅ ከረጢት፣ ለእያንዳንዷ አንድ ደብተር፣ አንድ ማህተም ከነቀለሙ፣ ካልኩሌተር። ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

አምስት ኃላፊዎች ይመረጡ፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ሣጥን ያዥ፣ ሁለት ገንዘብ ቆጣሪዎች። ሦስቱን ቁልፍ የሚይዙት ከእነዚህ ውጭ የሆኑ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ቤታቸውም የተለያየ አቅጣጫ ይሁን። ሣጥኑ አንድ ቤት፣ ቁልፎቹ ሌላ ሦስት ቤት። አንዲት ሴት «የማንተማመን ሆነን ነው ይሄ ሁሉ ቁልፍ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ሣጥን ያዧ ቀድማ መለሰችላት፦ «እኔን ከሐሜት ያድነኛል እንጂ!»

ቀጥሎ የድርሻ ዋጋ። በዕቁብ ቋንቋ «ዕጣ» ሌላ ትርጉም ስላለው ግራ እንዳያጋባ «ድርሻ» እላለሁ። እያንዳንዷ በየሳምንቱ ከ1 እስከ 5 ድርሻ ትገዛለች፤ ከ5 በላይ አይቻልም፣ ያላት የሌላትን እንዳትውጥ። ዋጋውን የምትወስነው ከቡድኑ የመጨረሻዋ ደሃ ናት፤ «በነሐሴ ምንም በሌለሽ ሳምንት ስንት ታገኛለሽ?» ብለው ይጠይቋት። እኔ የምጠቀመው ልክ የሦስት ወይም የአራት እንቁላል ዋጋ ነው። ብር ዋጋው ሲለዋወጥ እንቁላሉ አብሮ ይለዋወጣል። ለዚህ ጽሑፍ አንድ ድርሻ 50 ብር ነው እንበል። ዓመቱ መሐል ላይ ዋጋው አይነካም፤ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል።

የቅጣቱን ዝርዝር ለእነሱ ይተዉት። እኔ ካየሁት ሁሉ የከበደው ቅጣት በስብሰባ መሐል ስልክ ላነሳች የተጣለው ነበር።

ደረጃ 5፦ የአንድ ቀን ስብሰባ

ይህን ደረጃ በደንብ ያስለምዱ። ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ሴቶቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በግማሽ ክብ ይቀመጣሉ፤ አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ እያለ እስከ ሃያኛዋ። ቁጥራቸው ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም። ሣጥኑ መሐል ይቀመጣል። ሣጥኑ ሳይከፈት ሰብሳቢዋ ትጠይቃለች፦ «ባለፈው ስንዘጋ ስንት ነበር?» እንዲያስታውሱ የተሾሙ ሴቶች ይመልሳሉ፦ «የችግር ቀን ከረጢት 1,340፣ የብድር ከረጢት 260።» ከዚያ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች አንድ በአንድ ተነስተው ይከፍታሉ፣ ቆጣሪዎቹ ይቆጥራሉ። ልክ ከሆነ ሁሉም ያጨበጭባሉ። ፊደል ያልቆጠረች ሴት ሒሳብ የምትቆጣጠረው በዚህ ነው፤ ጸሐፊዋ መዝገቡን ብታጠፋ፣ ብትታመም፣ ብትሳሳት 20 ሰው ቁጥሩን በጭንቅላቱ ይዞታል።

መጀመሪያ የችግር ቀን ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ከእያንዳንዷ 10 ብር። ይህ ለሕመም፣ ለወሊድ፣ ለቃጠሎ ነው፤ ያለወለድ ይሰጣል፣ ከሌላው ጋር አይደባለቅም፣ ከረጢቱም ለብቻ ነው። ቀጥሎ ድርሻ። አንደኛዋ ተጠርታ ብሯን ሳህን ላይ ታደርጋለች፤ ቆጣሪዋ ጮክ ብላ «ሦስት ድርሻ!» ትላለች፤ ጸሐፊዋ ደብተሩ ላይ ሦስት ማህተም ትመታለች። ከአምስቱ የማህተም ቦታ ክፍት የቀሩት ሁለቱ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛሉ፤ በኋላ ማንም ማህተም እንዳይጨምርባቸው። ይህችን ቀይ መስመር አይተዉ። አንድ ቡድን «ምን ያስፈልጋል» ብሎ ትቷት፣ በዓመቱ መጨረሻ በአራት ማህተም የተነሳ ሁለት ጎረቤታሞች ሰላምታ ተዘጋግተው ከርመዋል።

ሲጨረስ ይቆጠራል፣ ሁለቱ ቁጥሮች ሦስት ጊዜ በጋራ ይባላሉ፣ ሣጥኑ ይቆለፋል። ቡናው ከዚህ በኋላ ነው። ቡና እየተጠጣ ብር አይቆጠርም።

ደረጃ 6፦ ብድር

ከ12 ሳምንት በኋላ ይጀመራል። አንዲት ሴት እስከዚያ ካስቀመጠችው እስከ ሦስት እጥፍ መበደር ትችላለች፤ በየሳምንቱ 3 ድርሻ የገዛች በ20ኛው ሳምንት 3,000 ብር ስላላት ጣራዋ 9,000 ነው። የመጀመሪያው ብድር ከሦስት ወር አይለፍ፤ ከዚህ የሚለየው ከታች የማነሳው የዘርና የማዳበሪያ ብድር ብቻ ነው። ወለዱን ቡድኑ ይወስናል፤ በወር 5 በመቶ ቢሆን 6,000 ብር ለሦስት ወር የወሰደች 900 ብር ትጨምራለች። ይህ ለከተማ ሰው ጆሮ ብዙ ይመስላል። ግን ወለዱ የትም አይሄድም፣ እዚያው ሣጥን ገብቶ በዓመቱ ለራሳቸው ይመለሳል። ሙስሊም አባላት ያሉበት ቡድን ወለድ አንነካም ካለ ይከበር፤ ያለወለድ የሚያበድሩና የብድር መክፈያውን አጠር የሚያደርጉ ቡድኖች አሉ፣ ይሠራል።

ብድሩ ከግብርናው ወር ጋር ካልገጠመ ግን ጥሩዋን አባል ባለዕዳ ያደርጋታል። በጥር ለጀመረ ቡድን የመጀመሪያው ብድር ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይደርሳል፤ ለዘርና ለማዳበሪያ ነው የሚወጣው። ለዚህ የሚወሰድ ብድር መክፈያው መኸሩ ሲገባ ስለሆነ ቡድኑ ለይቶ ረዘም ያለ ጊዜ ይስጠው። ሁለተኛው ዙር ሰኔ ነው፤ ከሲታ ሙክት ገዝቶ በክረምቱ ሣር 90 ቀን አቆይቶ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል መሸጥ። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ በጥር ገዝቶ በገለባ፣ በፉርሽካና በፋጉሎ አደልቦ ለፋሲካ።

አንድ ወጥመድ አለ፦ ሁዳዴ። በ55ቱ ቀን እንቁላልም ቅቤም ፈላጊ ያጣል። «ከእንቁላል ሽያጭ እከፍላለሁ» ያለች ሴት የመክፈያ ቀኗ ሁዳዴ መሐል ከዋለ ዶሮዎቿ ቢጥሉም እጇ ባዶ ነው። ጸሐፊዋ የመክፈያ ቀን ስትጽፍ የአጽዋማቱን መቁጠሪያ አጠገቧ ታድርግ።

ደረጃ 7፦ ሥልጠናው

ሰዎችን ወረዳ ከተማ ወስዶ፣ አዳራሽ አስቀምጦ፣ አበል ከፍሎ ለሦስት ቀን «ገንዘብ አያያዝ» ማስተማር ብዙ አይቻለሁ። ከሥልጠናው ሴቶቹ የሚያስታውሱት ምሳውን ነው። በየስብሰባው መጨረሻ 20 ደቂቃ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ፣ እሱም የዚያው ሳምንት ጉዳይ ይሁን።

ከሙክቱ ብድር በፊት ባለው ሳምንት አንድ ጎድጓዳ ሳህን በቆሎ ይዘው ይሂዱ። አንድ ፍሬ 100 ብር ነው ይበሉ። ተበዳሪዋ ራሷ ትደርድር፦ የበጉ ዋጋ፣ የመኖው፣ የመድኃኒቱ፣ የገበያ ቀረጡ፣ የወለዱ 9 ፍሬ። በሌላ ጎን ትሸጥበታለሁ የምትለውን። አንዲት ሴት ደርድራ ጨርሳ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችውና ሁለት በግ ልትገዛ የነበረውን አንድ አደረገችው። እኔ ምንም አላልኩም።

የቤት ወጪውንም በፍሬ ያስደርድሯቸው፤ ለምግብ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና፣ ለማኅበርና ለድግስ። የማኅበሩ ክምር ከፍ ብሎ ሲታይ ይሳሳቃሉ። እዚህ ላይ አይስበኩ። እኔ መጀመሪያ ሰብኬ ነበር፤ ቆይቶ ነው የገባኝ። ድግሷ ላይ የበላ ጎረቤት ነው በአጨዳ ደቦ የሚመጣላት፤ ያ ክምር በከፊል የእሷ ኢንሹራንስ ነው። መጠኑን ራሳቸው ይከራከሩበት።

የጥር ወር ትምህርት ስለ ጎተራ ነው። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በቆሎና ማሽላ ግን ይነቅዛሉ። ስለዚህ እንዲቆይ የሚፈለገው ጤፍ ከሆነ ደረቅ ቦታ ይበቃዋል። በቆሎ ከሆነ ፒክስ የሚባለው ሦስት ድርብ ከረጢት አለ፤ በደንብ የደረቀውን እህል ሞልቶ፣ አየሩን ጨምቆ አውጥቶ፣ ሦስቱን ሽፋን ለየብቻ አጥብቆ ማሰር ነው። ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ወራት እየከፈቱ መቆንጠር ግን ሥራውን ያበላሻል።

ደረጃ 8፦ የከሰረች ሲኖር

ይኖራል። አልከፍል ያለችውንና በጓ የሞተባትን ይለዩ። በጓ ለሞተባት ጊዜ ይራዘምላት፤ ካልሆነም በክፍፍሉ ቀን ከድርሻዋ ይቀነስ። ድስትና ምጣድ ማስያዝን ደንቡ ላይ ይከልክሉ። ሴቶቹ ራሳቸው አንዳንድ ጊዜ ከአራጣ አበዳሪው ይከፋሉ፤ ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ ገንዘቡ የላባቸው ስለሆነ ነው።

ስለ ሌባ የሚጨነቁ አሉ። ገንዘቡ ብድር ላይ ካለ ሣጥኑ ሁልጊዜ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም። የሚያሰጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው፤ ብድሩ ሁሉ ሲመለስ። ያን ጊዜ በሦስት ፈራሚ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ በባንክ ወይም በቀበሌው የቁጠባና ብድር ማኅበር ይክፈቱ። በ2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብርም ይረዳል፤ ግን ስልኩ የማን ነው? የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቀው የጸሐፊዋ ወንድ ልጅ ከሆነ የሦስቱ ጓጉንቸር ጥቅም ቀረ።

ደረጃ 9፦ የውጭ ገንዘብ አያስገቡ

ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ የሰፈሩ ልጅ ስለ ቡድኑ ሰምቶ «50,000 ብር ልጨምርላቸው» ይላል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ይከልክሉት። ለመንደሩ ሴቶች ያ ገንዘብ ስጦታ ነው፣ ስጦታ ደግሞ አይመለስም። አንዷ ሳትመልስ ስትቀር ሌላዋ «እኔስ ለምን?» ትላለች፤ ከዚያ የራሳቸውም ገንዘብ አብሮ ይቀልጣል። ይልቁንስ ለሁለት ቡድን ሣጥን፣ ጓጉንቸር፣ ደብተርና ማህተም ይግዛ፤ ከቻለም የፒክስ ከረጢት።

ደረጃ 10፦ ክፍፍል

ብድር ሁሉ ከክፍፍሉ አራት ሳምንት በፊት ተጠናቆ ይግባ። በዕለቱ ሁሉም ገንዘብ ሳህን ላይ ይፈሳል፣ ማህተሞቹ ይቆጠራሉ። ምሳሌ፦ 20 ሴቶች በአማካይ 3 ድርሻ፣ በ48 ሳምንት (አራቱ ሳምንት ለበዓልና ለአጨዳ ቀርቶ) 2,880 ድርሻ ይሆናል፤ ይህ 144,000 ብር ነው። ወለዱና ቅጣቱ 20,160 ቢሆን ሣጥኑ ውስጥ 164,160 አለ። ለ2,880 ሲካፈል አንድ ድርሻ 57 ብር ሆነ። በሳምንት 2 ድርሻ የገዛች 4,800 አስገብታ 5,472 ትወስዳለች፤ 5 የገዛች 12,000 አስገብታ 13,680።

እዚህ ላይ እውነቱን ይንገሯቸው። በ2014 ዓ.ም. የኑሮ ውድነቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ እንዲህ ባለ ዓመት 50 ብር 57 መሆኑ ብቻውን አያዋጣም። ስለዚህ የተካፈሉት ብር ብር ሆኖ አይደር። እህል በረከሰበት ጥር እህል፣ ወይም ግልገል፣ ወይም ቆርቆሮ ይሁን።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት አውቃለሁ፤ በሬ ስለሌላት መሬቷን ለእኩል አራሽ እየሰጠች የምርቷን ግማሽ ታስረክብ ነበር። የሁለት ዓመት ክፍፍሏን አጠራቅማ አንድ በሬ ገዛች፣ አንድ በሬ ካለው የባሏ ወንድም ጋር በመቀናጆ አጣመደች። ግማሹ ምርት ከዚያ ወዲያ ከቤቷ አልወጣም።

ገንዘቡ ተከፋፍሎ ሴቶቹ ከመነሳታቸው በፊት፣ እዚያው ተቀምጠው፣ የአዲሱን ዓመት የመጀመሪያ ድርሻ ይግዙ። «ለሚቀጥለው ሳምንት» ከተባለ ግማሹ ይቀራል። የድርሻው ዋጋ ከፍ የሚልም ከሆነ አሁን ይወሰን፤ ኃላፊዎቹም አሁን ይለወጡ፣ ያለፈው ዓመት ሰብሳቢ ምንም ጎበዝ ብትሆን። ቡድኖቹ በዝተው ሕጋዊ ማኅበር እንሁን ካሉ አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ይዘው የወረዳውን የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ከሦስተኛው ዓመት በፊት ግን ባይቸኩሉ እመርጣለሁ። ሣጥኑ ሲዘጋ ውስጡ ያለው የ20 ሴቶች የአንድ ሳምንት ድርሻ ነው። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ይባላል፣ ሦስቱ ቁልፎችም ወደ ሦስት አዲስ ቤት ይሄዳሉ።